ፊታውራሪ ፒራሚድ ያማራቸው ዕለት

ፊታውራሪ ጓንጉል ጭሰኞቻቸውን ያስለቀሱ ባላባት ነበሩ። ኢየሩሳሌም ተሳልመው ሲመለሱ ፒራሚድ ለማየት ግብፅ ጎራ አሉ። እሳቸው በግመል ሲንፈላሰሱ፣ ጓዝ ተሸካሚ አድርገው ያመጡት አንድ ጭሰኛቸው በሚፋጀው አሸዋ ላይ በእግሩ ተከተላቸው።

ፒራሚዱ ሥር ሲደርሱ ፊታውራሪ ሽቅብ አንጋጠው አዩና ቅናት ያዛቸው።

«እኔስ ስሞት አገሬ እንዲህ ያለ ድንጋይ ይከምርልኛል? እውነቱን ተናገር። ከዋሸህ እዚሁ በረሃ ላይ ጥዬህ እሄዳለሁ» አሉት።

ሰውየው ጓዙን አወረደና ላቡን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ ከዚህ የበለጠ እንከምራለን። እኔም ድንጋይ አቀብላለሁ» አለ።

ፊታውራሪ ደስ ብሏቸው፣ «ይህን ያህል ትወዱኛላችሁ?» ቢሉት፣

«በዚህ አገር ንጉሥ ላይ ድንጋይ የተከመረው እንዳይረሱ ነው፤ በእርስዎ ላይ የምንከምረው ግን እንዳይነሱ ነው» አላቸው።