ቦነስ አይረስ የተሻገረው ሰዓት

በአንድ ወቅት፣ ኧረ ያን ያህል ሩቅም አይደለም፣ ኮምፒውተር ከቢሮ ወጥቶ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ጎን መቀመጥ ከጀመረ በኋላ፣ ደብረ ታቦር ላይ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ነበሩ። ነገሩን ከሰማሁ ከርሜያለሁ፤ ድንጋጤው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። እንደ ሰማሁት ልንገራችሁ፤ ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ወይዘሮ ደብሪቱ የሚጥል በሽታ አለባቸው። ኪኒናቸውን ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከዋጡ ደኅና ናቸው፤ ገበያ ይወጣሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ከጎረቤትም ይጨቃጨቃሉ። ሰዓቱ ብዙ ካለፋቸው ግን ይወድቃሉ። አንድ ጊዜ ምድጃ አጠገብ ወድቀው ክንዳቸው ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ የልጆቻቸው ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ፤ እናታችንን ሰዓቷ እንዳያልፋት።

የበኩር ልጃቸው አንዳርጌ ሞባይል ይጠግናል፤ የሚኖረውም ከእናቱ ጋር ነው። ኮምፒውተሩን ያመጣው እሱ ነበር። እናቱ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ቁጥር ስለ ተማሩ፣ በኮምፒውተሩ ማያ ገጽ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ያነባሉ። ያነበቡት ግን አበሳጫቸው።

«ገና ቁርስ ሳልቀምስ ስምንት ሰዓት ነው ይለኛል» አሉት። «ይኼ ዕቃህ ደኅና ነው?»

አንዳርጌ ሰዓቱን በእጁ ወደ ሁለት መለሰው። ኢንተርኔት ሲገናኝ ተመልሶ ስምንት አለ። ደግሞ መለሰው፤ ደግሞ እንቢ አለ። በመጨረሻ የሰዓት ሰቅ የሚባለውን ቦታ ከፈተ፤ ኮምፒውተሩ በየትኛው አገር ሰዓት እንደሚሄድ የሚነገርበት ነው። ከተማ በከተማ እየሞከረ ሄዶ ቦነስ አይረስ ላይ ሲደርስ፣ ማያው ልክ እንደኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት አለ። እዚያው ተወው፤ እናቱም መረቁት። ኮምፒውተሩ ከሳሎን ሳይነቃነቅ አርጀንቲና ገባ ማለት ነው። አንዳርጌ ለማንም አልነገረም፤ ምን ብሎ ይንገር፤ ሰዓት ነው ያስተካከለው።

ሁለተኛዋ ምንትዋብ አዲስ አበባ ፕሮግራም እየሠራች ትተዳደራለች። ለእናቷ አንድ ፕሮግራም ሠርታ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነችላቸው። ሰዓቱ ሲደርስ የራሷ ድምፅ «እማ፣ የኪኒንሽ ሰዓት ደርሷል» ይላል። እናቷ ከዋጡ በኋላ «ዋጥሁ» የሚለውን ትልቅ ቁልፍ ይጫናሉ፤ መልእክቱ ለሦስቱም ልጆች ስልክ ይደርሳል። የኮምፒውተር ሆድ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነውና፣ «ጠዋት 2» ብላ ስትጽፍ ፕሮግራሙ ስድስት ጨምሮ ስምንት ያደርገዋል። ስምንቱም የአዲስ አበባ ስምንት እንዲሆን የማይለወጥ አድርጋ ጽፋበታለች። ስለዚህ ማያው ላይ ያለው ሰዓት ምንም ቢል ፕሮግራሙ አይሳሳትም ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ድምፁን ከመልመዳቸው የተነሣ «አቤት» እያሉ መልስ ይሰጡት ጀመር።

ሦስተኛው ኅሩይ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማራል። ዱባይ ያለች የአክስታቸው ልጅ ፕሮግራሙን ለራሷ መድኃኒት ብትጭነው አንድ ሰዓት እያዘገየ አስቸገራት። ፕሮግራሙ ዱባይም ተቀምጦ በአዲስ አበባ ሰዓት ነበር የሚያስበው። ኅሩይ ታዲያ ላይብረሪ የሚሉትን፣ ሌላ ፕሮግራም ተውሶ የሚጠቀምበትን ዝግጁ ሥራ ጻፈ። ሥራው አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩን «የሰዓት ሰቅህ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ ከአንድ ቦታ ቢታጣ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ከጠፋም አላውቅም ይላል እንጂ በግምት አይናገርም። ምንትዋብ አየችው፤ ወደደችው፤ ፕሮግራሟ ውስጥም ከተተችው። አንድ ቅዳሜ፣ እናታቸው የማታውን ኪኒን ከዋጡ በኋላ፣ አዲሱ ፕሮግራም በኢንተርኔት ደብረ ታቦር ደረሰ።

እሑድ ጠዋት አንዳርጌ በጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ወይዘሮ ደብሪቱ በሩን ከውስጥ ዘግተው ሳሎን ተቀመጡ። ማያው ሁለት ሰዓት አለ። ድምፅ የለም። ሁለት ተኩል ሆነ፤ ድምፅ የለም። ቁጥሩን አይተውታል፤ ኪኒኑም እጃቸው ላይ ነው። «ልጄ ካልጠራችኝ ምክንያት ቢኖራት ነው፤ ሐኪሙ ቀይሮብኝ ይሆናል» ብለው ኪኒኑን ወደ ቦታው መለሱት። ይህን ስሰማ እኔ ራሴ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

ሲረፋፍድ ምንትዋብ ስልኳን አየች። «ዋጥሁ» የሚል መልእክት አልመጣም። ፕሮግራሙን በስልኳ ከፈተች፤ «ያመለጠ ኪኒን የለም» ይላል። የራሷን ፕሮግራም አላመነችውም። እናቷ ጋ ደወለች፤ አይነሣም። አንዳርጌ ጋ ደወለች።

«ምንም አላመለጣትም ይላል፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። አሁኑኑ ቤት ግባ።»

አንዳርጌ ሮጠ። ቢያንኳኳ ዝም፤ ቢጣራ ዝም። በሩን በትከሻው ገንጥሎ ሲገባ እናቱ መሬት ላይ ናቸው፤ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። ባጃጅ ቢፈልግ አጣ። ጥቂት ሲረጋጉ አዝሏቸው ዳገቱን ወጣ፤ ጤና ጣቢያ ሲደርስ መናገር አቅቶት ነበር።

እዚያ የነበረችው ሲስተር «ጠዋት ኪኒናቸውን ወስደዋል?» ብላ ጠየቀችው። አንዳርጌ ስልኩን ዘርግቶ አሳያት፤ «ያመለጠ ኪኒን የለም»።

«እየወሰዱ ከወደቁ እንግዲህ መድኃኒቱ አልበቃቸውም ማለት ነው» አለች። «ከፍ ያለ መጠን እንሰጣቸዋለን።»

መርፌው ሲዘጋጅ ስልኩ ጮኸ። ኅሩይ ነው። ከምንትዋብ እንደ ሰማ የላይብረሪውን ምላሽ ከፍቶ ሲያይ ነበር።

«ምንም እንዳትጨምሩባት። እማ ዛሬ ኪኒን አልዋጠችም። ፕሮግራሙ ሰዓቱ ገና ነው ብሎ ነው ዝም ያለው።»

«እንዴት ገና ይሆናል?» አለ አንዳርጌ።

«ኮምፒውተሩ አርጀንቲና ነኝ ይላል።»

አንዳርጌ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሲስተሯ መርዶ የደረሰው መስሏት መርፌውን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ አርጀንቲና የወሰድኩት» አለ።

የሆነው ይህ ነው። ምንትዋብ ሁለትን ስምንት አደረገች፤ ትክክል ናት። ኅሩይ የማን ስምንት ነው ብሎ ጠየቀ፤ እሱም ትክክል ነው። ኮምፒውተሩም በተነገረው መሠረት የቦነስ አይረስ ነው አለ። የቦነስ አይረስ ጠዋት ስምንት ደግሞ እኛ ዘንድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። አንዱን የስድስት ሰዓት ልዩነት ወንድምና እህት ሳይነጋገሩ ሁለት ጊዜ አስተካከሉት፤ ሦስተኛው መሐል ገብቶ አገናኛቸው።

ሲስተሯ የተለመደውን መጠን ሰጠቻቸው። ያ ከፍ ያለ መጠን ተሰጥቷቸው ቢሆን በሳቸው ዕድሜ ትንፋሻቸውን ሊያቆም ይችል እንደ ነበር ኋላ ላይ ተናገረች። እናቱ ሲረጋጉ አንዳርጌ ጋቢ ሊያመጣ ቤት ሄደ። በሩ እንደ ተገነጠለ ነው፤ ሳሎን ማንም የለም። ጋቢውን ሲያነሣ ከኋላው የእህቱ ድምፅ ተሰማ።

«እማ፣ የኪኒንሽ ሰዓት ደርሷል።»

ማያው ስምንት ሰዓት ይላል። አንዳርጌ ጋቢውን እንደ ያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

በማግስቱ ሦስቱም ልጆች ቤት ውስጥ በእናታቸው አልጋ አጠገብ ተሰበሰቡ። ፕሮግራሙን ሦስት ሆነን እናርመዋለን ብለው ሲጀምሩ እናታቸው አቋረጧቸው።

«አይሆንም። ሦስታችሁም ወደዳችሁኝ፤ ሦስታችሁም አስተካከላችሁልኝ፤ ወደቅሁ። ከእንግዲህ ሰዓቴን የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ሌሎቻችሁ እጃችሁን አታስገቡ።»

«እኔ ልያዝ» አለ አንዳርጌ። «ኢንተርኔት ቢጠፋ፣ መብራት ቢጠፋ፣ አጠገብሽ ያለሁ እኔ ነኝ። ተሸክሜሽ የወጣሁትም እኔ ነኝ።»

«ተሸክመኸኛል» አሉ እናቱ። «ኮምፒውተሩንም ለማንም ሳትነግር ባሕር ማዶ የሰደድክብኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ልያዝ» አለች ምንትዋብ። «ሁሉም ማሽን ደኅና ናት ሲል ያላመንኩት እኔ ነኝ። ባልደውል ኖሮ በጊዜ ማንም አያገኝሽም ነበር።»

«እውነትሽን ነው። እኔ ግን ዓይኔ ያየውን ትቼ ያንቺን ድምፅ ስጠብቅ ነው የወደቅሁ። ድምፅሽን እንደ ድሮው መስማት የምችል ይመስልሻል?»

በመጨረሻ ኅሩይ «ስሕተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። «ያ መርፌ እንዳይሰጥሽ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ምን እንደሚሳሳት አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ባሕር ዳር እዚሁ አጠገባችን ናት፤ መጥተህ ኮምፒውተሩን ብታየው ኖሮስ?» አሉት። «ማሽን ጠየቅህ፤ ወንድምህን ግን አልጠየቅህም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ኮምፒውተሩን አስነቅለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውታል። መስኮቱ ላይ ጀንበር እየጠለቀች ነው፤ የማታው ኪኒን ከውኃው ጋር ቀርቧል፤ እሳቸውም ተራ በተራ ያይዋቸዋል።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዱ ተሸክሞ አድርሷቸዋል፣ አንዷ ደውላ አስደርሳለች፣ አንዱ ከመርፌው አድኗል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ እናትየዋ ዛሬ የሉም፤ ከሦስቱ አንዱ ያደረገውን ባያደርግም አይወድቁም ነበር። የማታው ሰዓት ሳይደርስ ስም ጥሩላቸው፤ የወይዘሮ ደብሪቱን ነፍስ በእጁ ሊይዝ የሚገባው ማነው?