ማር የነካ እጅ

አንድ ንብ አናቢ ነበረ፤ ውሻም ነበረው። ውሻው እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ቀፎ ሊሰርቅ የመጣ ሌባ የሱሪውን ቁራጭ አጥሩ ላይ ትቶ ነበር የሚሸሸው። ለጎረቤት ግን በግ ነው። በዚያ ደግ ዘመን ሰፈሩ በሙሉ ማር ስለሚቆርጥ የሁሉም እጅ ማር ማር ይላል። ውሻው የመጣውን ሰው መጀመሪያ መዳፉን ይልሳል፤ ከጣፈጠው የቤት ሰው ነው፣ ጭራውን ቆልቶ ይተኛል።

ምን ዋጋ አለው፣ ያ ዘመን አለፈ። ሦስት ዓመት ዝናብ ጠፋና ንቦቹ ጥለው ኮበለሉ። አንድ ረፋድ ላይ የሰውየው ልጅ ከገበያ ስትመለስ ውሻው እንደ ልማዱ መዳፏን ላሰ። ምንም የለም። ውሻ ምን ያድርግ፣ የሚያውቀው ምልክት ጠፋበት። ቡችላ ሳለ ወተት አጠጥታ ያሳደገችው እሷ ነበረች፤ ክንዷን ዘነጠለው።

ጎረቤት ተሰብስቦ ይገደል አለ። ሰውየውም ዱላ አነሣ። ውሻው ግን አልሸሸም፤ የሰውየውን መዳፍ ይፈልጋል። ይኼኔ የሰውየው ሆድ ባባ። ማር ቆርጠው ሲመለሱ ከልጅቷ ጋር ደጅ ተቀምጠው፣ እጃቸውን እያስላሱት የሳቁት ሁሉ ትዝ አለው። ዱላውን ጣለ። ለመድኃኒት የተቀመጠችውን የመጨረሻ ማር አወጣና የልጅቷን መዳፍ ቀባ።

«ስጪው» አላት።

መዳፏን ዘረጋችለት። ውሻው ላሰና እግሯ ሥር ተኛ።

ዶክተር አምሳለ ይህን ተናግረው ወደ እታለማሁ ዞሩ። እታለማሁ ስፌት ሰፊ ናት። በሽታ የሚከላከሉላት የገዛ ሰውነቷ ወታደሮች ጣቶቿን ስላሳበጡባት፣ እነሱን ጨርሶ የሚገድልልኝ መድኃኒት የለም ወይ ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ልጄ፣ ውሻው የደምሽ ወታደር ነው» አሉ። «የሰውነትሽ ሕዋስ ሁሉ ላዩ ስኳር የተቀባ ነው። ወታደሩም ያን ስኳር የሚይዝበት እጅ አለው። ሲይዘው የቤት ሰው መሆኑን አውቆ ይበርዳል። መተዋወቁ ሲላላ የገዛ ቤቱን ሊነክስ ይችላል። ውሻውን ብንገድልልሽ ሌባው ሁሉ ይገባብሻል። የምንደክመው እንዲረጋ ነው እንጂ እንዲሞት አይደለም።»

እታለማሁ ያበጡ ጣቶቿን እያየች፣ ልጅቷ በኋላ ውሻውን ይቅር አለችው ወይ ብላ ጠየቀች።

ዶክተሯ የግራ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ የቆየ ጠባሳ ነበር።

«ንቦቹ ኋላ ተመለሱ» አሉ። «እስኪሞት ድረስ በየጠዋቱ መዳፌን አስልሼዋለሁ። ዛሬም ይናፍቀኛል።»