ስምንተኛው ክፍል

በአንድ ወቅት፣ ያውም እናንተም እኔም ስልክ ይዘን በምንዞርበት በዚሁ በኛ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ጋሽ ይመር የሚባሉ የፊልም ቤት ባለቤት ነበሩ። በካሴት ጀምረው፣ በሲዲ አልፈው፣ መጨረሻ ላይ ፍላሽ ላይ እየጫኑ ሠላሳ ዓመት ቆዩ። እሳቸው ፊልም አይሸጡም፤ እንደ ሐኪም ያዝዛሉ። ሰው ገብቶ «አንድ ጥሩ ነገር ይጫኑልኝ» ሲላቸው፣ ፍላሹን ከመቀበላቸው በፊት «ሰሞኑን ምን ሆነሃል?» ይሉታል። ከሚስቱ ጋር ለተኳረፈው የሕንድ ፊልም፣ ልጁ አልታዘዝ ላለው የቱርክ ድራማ፣ ከሥራ ለተባረረው የሚያስቅ ነገር ይጭኑለታል። «የለም፣ እኔ የምፈልገው ድብድብ ነው» ያለ እንደሆነ ፍላሹን መልሰው ይወረውሩለታል። ተሳዳቢ ነበሩ። ሰው ግን ስድባቸውን ችሎ ይመጣል፤ የመረጡለት ፊልም ስቶ አያውቅማ!

ቤታቸው ሦስት ሕግ ነበረው። እስከ መጨረሻው ያላየኸውን ፊልም ለሰው አትምረጥ። ስትተረጉም አትዋሽ። ከኮምቦልቻው አህመዴ ጋር ቃል አትለዋወጥ።

አህመዴ ማነው? ድሮ የጋሽ ይመር ሸሪክ ነበር። ጋሽ ይመር የትኛው ፊልም ለምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን የሚጽፉበት ወፍራም ደብተር ነበራቸው። አህመዴ ያንን ደብተር ከዳር እስከ ዳር ገልብጦ ኮምቦልቻ ወረደና የራሱን ፊልም ቤት ከፈተ። ጋሽ ይመርም ገበያ መሀል አግኝተው በጥፊ አጋዩት። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙ በዚያ ቤት አይነሣም።

ልጆቻቸውም ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ዓይንና ናጫ። የመጀመሪያው አወል ነው፤ ሱቁ ውስጥ ይሠራል፣ ፊልም የመምረጥ ነገር ከአባቱ ወርሷል። የመጨረሻው ሸምሱ ነው፤ የውጭ ፊልም በአማርኛ እየተረከ በድምፁ ያድራል። መሀል ላይ ዘምዘም አለች። ባሏ ከፈታት ጀምሮ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ ከአባቷ ጋር ትኖራለች፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች። አወል ገና አባቱ በቁማቸው «እሳቸው ያለፉ ቀን ጓዳውን ትለቂያለሽ፤ ለዕቃ እፈልገዋለሁ» ብሏታል። ሸምሱም ቢሆን ያችን ጓዳ ድምፅ መቅጃ ሊያደርጋት ያሰላስላል። እንግዲህ ሱቁ ለአንዱ ወንድሟ ከሆነ፣ ዘምዘም ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ላይ ናት። ይህንን ያዙልኝ።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ይመርን ስኳር ያዛቸው። መጀመሪያ ዓይናቸውን አደበዘዘው፤ ቀጥሎ የግራ እግራቸው ጣት ጠቆረ። ሐኪሙ «በዚህ ሳምንት እግሩ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ሰውየውን ይዞ ይሄዳል» አለ።

«ሙሉ ሆኜ ተወልጃለሁ፣ ሙሉ ሆኜ እቀበራለሁ!» አሉ ጋሽ ይመር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ሼሁ መጥተው ለመኑ፤ የሠፈር ሽማግሌ መጣ፤ ዘምዘም እግራቸው ሥር ወድቃ አለቀሰች። ወይ ፍንክች!

በሁለተኛው ቀን ሦስቱ ልጆች ደጅ ላይ ተሰበሰቡ፤ ተሰበሰቡ ስላችሁ ጀርባ ለጀርባ ቆመው ነው።

«ምክር አይሰሙም» አለ አወል። «እሳቸው የሚሰሙት ፊልም ነው። አንድ የኮሪያ ድራማ አለ፣ ስምንት ክፍል። እንደሳቸው ተሳዳቢ የሆነ ጫማ ሰፊ ነው። እግሩ ይቆረጣል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ተመልሶ ደንበኛውን መሳደብ ይቀጥላል። ያንን ቢያዩ ይነሣሉ።»

«መጨረሻው ጥሩ ነው?» አለች ዘምዘም።

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ! ልታስተምሪኝ ነው?» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ አወል ድራማውን ያየው አዲስ አበባ ለዕቃ ግዢ በሄደበት፣ ዘመድ ቤት ነው። ስድስት ክፍል አይቶ መኪናው ደረሰበት። ጫማ ሰፊው ወደ ሥራ እንደሚመለስ የሰማው ከዘመዱ አፍ ነው፤ መጨረሻውን ግን አያውቀውም። ግን ደግሞ ልብ በሉ፤ ከሺህ ፊልም መካከል ያችን አንዷን መዞ ያወጣት እሱ ነው። የመጣው ሁሉ ሰው ለምኖ ያቃተውን አንዲት ድራማ እንደምትችለው ያወቀ ሌላ አልነበረም።

ድራማው ከሱቁ የለም። ኢንተርኔት ከተቋረጠ አምስተኛ ቀኑ ነው። ተጠየቀ፣ ተፈለገ፤ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ሆነ። እንግዲህ ማን ዘንድ እንደሆነ ገምታችኋል።

አወል «እኔ የዚያን ሌባ ደጅ አልረግጥም» አለ። ሸምሱ ስልኩን ይጎረጉራል። ዘምዘም ሻሽዋን አስተካክላ ሚኒባስ ተሳፈረች። የአህመዴ ሱቅ በሰው ተሞልቶ ነበር። አህመዴ የማን ልጅ መሆኗን ሲያውቅ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ድራማው አለኝ» አለ። «ግን መጀመሪያ አባትሽ እንደበደለኝ በዚህ ሰው ፊት ትናገሪያለሽ።»

«ጋሽ አህመዴ፣ አባቴ በድለዎታል። በእሳቸው ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አልሰማሁም። ጮክ በይ!»

ጮክ አለች። «ጉልበቴንስ?» አለ። ጎንበስ ብላ የሌባውን ጉልበት ሳመች። ሰዉ አንገቱን ደፋ፤ አህመዴ ብቻ ሳቀ። ፍላሹን ተቀብላ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና አለቀሰች። አባቷ ይህን ቢሰሙ ከበሽታው በፊት ይህ እንደሚገድላቸው ታውቃለች፤ አውቃም አደረገችው። ወንድሞቿን ግን በዚያች ሰዓት ከአህመዴ የበለጠ ጠላቻቸው።

ቀረ ሸምሱ። ድራማው የኮሪያ ነው፤ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ የጋሽ ይመር ዓይን ደግሞ ጥላና ብርሃን እንጂ ሌላ አይለይም። ሸምሱ መጣ፤ አወልን ሰላም ሳይል አልፎ አልጋው ራስጌ ተቀመጠና መተረክ ጀመረ። ሲተርክስ! ጫማ ሰፊው በኮሪያኛ የሚሳደበውን በደሴ ስድብ አዞረው። ጋሽ ይመር በሦስተኛው ክፍል ከግድግዳው ዞሩ። በአምስተኛው ሳቁ። በማግስቱ፣ በሰባተኛው፣ ሰውየው በአንድ እግሩ ተመልሶ ደንበኛ ላይ ሲጮህ «ይሄስ የኔ ቢጤ ነው!» ብለው ቁጭ አሉ።

እዚያ ላይ ቢቆም እንዴት በተሻለ። ጋሽ ይመር ግን ያልጨረሱትን ፊልም የማይተዉ ሰው ናቸው። «ቀጥል!» አሉ። ስምንተኛው ክፍል ተከፈተ። ጫማ ሰፊው ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ መርፌው በእጁ እንዳለ፣ ክልትው አለ።

የሸምሱ ግንባር በላብ ራሰ። ዘምዘም ስክሪኑ ላይ ነጭ አበባ አየች፤ በአበባው መሀል የጫማ ሰፊውን ፎቶ፣ በፎቶው ላይ ጥቁር ሪባን። እንግሊዝኛ ማንበብ አላስፈለጋትም።

«ምን ሆነ? ምንድን ነው ዝምታው?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ጎረቤቱ ሞቶ ነው፣ አባባ» አለ ሸምሱ።

«ታዲያ የጫማ ሰፊው ልጅ ለጎረቤት እንዲህ ትነፋረቃለች?»

«ያሳደጋት ሰውዬ ነው።»

«ጫማ ሰፊውስ?»

«ከኋላ ቆሟል። ክራንቹን ተደግፎ ቀባሪውን እየሰደበ ነው።»

ጋሽ ይመር ከት ብለው ሳቁ። ዘምዘም የአልጋውን አንሶላ ጨብጣ አንድ ቃል አልወጣትም። ሲያልቅ «በሉ ነገ ውሰዱኝ» አሉ። በማግስቱ ተወሰዱ፤ እግሩ ተቆረጠ፤ ሰውየው ዳኑ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ጋሽ ይመር ልጆቻቸውን ጠሩ፤ የሱቁ ቁልፍ በእጃቸው ነበር።

«ሱቁን በቁሜ እሰጣለሁ» አሉ። «ለሦስት ብከፍለው በሳምንት ትገዳደላላችሁ። ስለዚህ ያዳነኝ ይውሰደው። ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። ይህ ሦስቱ የተስማሙበት የመጨረሻው ነገር ነው። አወል «እኔ መረጥኩ» ይላል፣ ሸምሱ «እኔ አስነሣሁ» ይላል፣ ዘምዘም «እኔ አመጣሁት» ትላለች፤ ከየት እንዳመጣችው ግን አትናገርም። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳና አንድ ሰው ማር ይዞ ገባ። ለስኳር በሽተኛ ማር! አህመዴ ነው።

«ይመር፣ አላህ ያሽርህ» አለ። «ልጅህ ጉልበቴን ስማ በስምህ ይቅርታ ስትጠይቀኝ አንጀቴ ራሰ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ። ደግሞ ያ ድራማ! ጫማ ሰፊው ሲሞት፣ ወላሂ፣ እኔም አለቀስኩ።»

ጋሽ ይመር ክራንቻቸውን አንሥተው ወረወሩ፤ አህመዴን ስቶ በሩን መታው። አህመዴ ማሩን ጥሎ ወጣ።

ከዚያ ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። መጀመሪያ አወልን። «መሞቱን ታውቅ ነበር?»

«አ... አላውቅም። ስድስት ክፍል ነው ያየሁት።»

«በኔ ነፍስ ቁማር ተጫወትክ!»

«እኔ ባልመርጥ ግን እሷ ምን ልታመጣ፣ እሱ ምን ሊተርክ? መጨረሻውን አይቼው ቢሆን ፈርቼ አልመርጠውም ነበር። ያኔ እርስዎም የሉም።»

ሸምሱን አዩት። «አንተ ደግሞ ዓይኔ እንደማያይ አውቀህ አታለልከኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው እምነት ያገኘሁበትን ሥራ በአንድ ቀን አረከስከው።»

«ዋሽቻለሁ» አለ ሸምሱ። «እውነቱን ብተረጉም ግን በዚያው ወደ ግድግዳው ይዞሩ ነበር። ያ ጫማ ሰፊ ክራንቹን ተደግፎ የቆመው በኔ አፍ ነው። እርስዎን ለሕክምና ያስነሣው እሱ ነው፤ የኮሪያው አይደለም።»

ዘምዘም ሳትጠየቅ ተናገረች። «እነሱ በአፋቸው ነው የሠሩት። በሰው ፊት የተዋረድኩት እኔ ነኝ። ቁስልዎን ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ደግሞ ሱቁ ከሄደ ማደሪያ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ማደሪያ ማጣትን ማን ማዳን አለው?» አለ አወል።

«አንተ አፍህን ዝጋ፣ ጨካኝ!»

«ዝም በሉ!» አሉ ጋሽ ይመር። ወደ ዘምዘም ጠጋ ብለው በዚያ በደከመ ዓይናቸው ፊቷን ፈለጉ። «በኔ ስም ለሌባ ተንበርክከሻል፤ ይሄ እስክሞት ያቃጥለኛል። እሱን ልተወው። ፊልሙን ግን አብረሽን አይተሻል። መሞቱን አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳይሞቱብኝ።»

«ለኔ ብለሽ ነው ወይስ ለጓዳሽ?»

ዘምዘም አፏን ከፈተች። «ለእርስዎ» ልትል ጀመረችና ተወችው። እውነቱ የትኛው እንደሆነ ራሷም ፈልጋ አጣችው። ሁለቱ ወንድሞቿ መጠራጠሯን ከፊቷ አንብበው ደስ አላቸው፤ ይህን ደስታቸውን ደግሞ አባታቸው ሰሙት፤ ወንድማማቾቹ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ ሲያደርጉ ዓይነ ስውርም ይሰማዋል።

«ሦስታችሁም ሕጌን አፍርሳችኋል» አሉ ጋሽ ይመር በመጨረሻ። «ብታከብሩት ግን ሞቼ ነበር።» ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ማን እንደሆነ ግን አልተናገሩም፤ ሦስቱም አንድ እርምጃ ቀረቡ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ያዙት። በሉ ፍረዱ፤ አትፍሩ፣ እኔም ከማንም ጋር አልወግንም። ሳያይ የመረጠው አለ፤ በሰው ፊት የተዋረደችው አለች፤ በዓይነ ስውር ፊት የዋሸው አለ። አንዱ ባይኖር ሁለቱ ከንቱ ነበሩ። ከእናንተ አንዳችሁ የጋሽ ይመርን እጅ ብትመሩ፣ ቁልፉን በማን መዳፍ ላይ ታስቀምጡታላችሁ?