የዘነቡ ጋቢና የጉድጓዱ ሕግ

በአንድ ወቅት፣ ወርቅ ከሥር ሰው ከላይ በሚያድርበት ደጋ አገር፣ ዘነቡ የምትባል መበለት ነበረች። ያላት አንድ ልጅ አጥናፉ ነው፤ እሱም የወርቅ ጉድጓድ ሠራተኛ። ለሠርጉ ብላ ሁለት ክረምት ፈትላ ያሠራችው አንድ ጋቢ አላት። ምላሷ ሹል ነው፤ ቃሏን ግን አጥፍታ አታውቅም።

በዚያ ዘመን የጉድጓዱ የደኅንነት ሕግ ይታደስ ተባለ። የጻፈው አቶ ደረሰ የሚባል የማዕድን ቢሮ ሰው ነው። ጣራውን የሚደግፈው እንጨት ሁሉ ወጥቶ ብረት ይተከል አለ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ጉድጓድ ገብቶ የማያውቅ ሰው የሚጽፈው ዓይነት።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጉተማ ቢሮ ድረስ ሄደ። «እኛን ሳትጠይቁ አትፈርሙ» አለ። የደረሰ አለቆች ደግሞ ዛሬውኑ ይፈረም ብለዋል። ደረሰ ሰውየውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ብዕሩን ከደነ። «ሦስት ወር ስጡኝ» አለ። ሰጡት፤ ይጠብቀው የነበረውን ሹመት ግን ለሌላ ሰጡበት።

ጉተማ በየፈረቃው እየዞረ ሠራተኛውን ጠየቀ። የጉድጓዱ ባለቤት ኩባንያ በዚህ ተቆጥቶ ከጉድጓድ አወጣውና ግቢ ጠራጊ አደረገው። መጥረጊያውን ይዞ መጠየቁን ቀጠለ።

ከተጠየቁት አንዱ ሽብሩ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ድጋፍ ሲተክል የኖረ ሽማግሌ፣ የማኅበሩ መዋጮ እንኳ የማይከፍል።

«ብረት ጠንካራ ነው» አለ። «ሲሰበር ግን አይነግርህም። እንጨት ሲከብደው ያቃስታል፤ ሮጠህ ትወጣለህ።»

ጉተማ ይህን ስብሰባ ላይ ሲናገር መሐንዲሶቹ ሳቁ። ደረሰ አልሳቀም፣ ጻፈው፦ በየአምስት ብረቱ መሃል አንድ እንጨት ይቁም፤ ሲያቃስት የሰማ ማንም ሠራተኛ፣ አለቃ ሳያስፈቅድ ሥራ ያስቁም።

ሕጉ ተፈርሞ ዓመት ሳይሞላ፣ አንድ ረፋድ ጉድጓዱ ውስጥ የመቆፈሪያው ማሽን ሲያጓራ ሽብሩ መዳፉን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። ጆሮው ያልሰማውን እጁ ሰማ። ማሽኑን አጠፋ።

«ማን ፈቀደልህ?» አለ የፈረቃው አለቃ።

«ሕጉ። ውጣ ይልቅ።»

አሥራ ሰባት ሰው ወጣ፤ ሽብሩ መጨረሻ። ከኋላው ጣራው ወረደ።

ዘነቡ ድምፁን ሰምታ ስትደርስ አቧራ እንጂ ሰው አይታይም። «ልጄን ያተረፈልኝ ሰው ካለ፣ ጋቢዬ የሱ ነው» አለች፣ አገር እየሰማ። አጥናፉ ከአቧራው ውስጥ እያሳለ መጣ።

ደረሰን፣ ጉተማንና ሽብሩን፣ ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«እኔ ባልጽፈው ወሬ ሆኖ በቀረ» አለ ደረሰ።

«እኔ ባልጠይቅ ምን ትጽፍ ነበር?» አለ ጉተማ።

«እጄ ባይሰማ ሁለታችሁም ለቀብር ነበር የምትመጡት» አለ ሽብሩ። «ደግሞ ይበርደኛል።»

«እማዬ፣ ለሦስት ቅደጂው» አለ አጥናፉ።

«ሁለት ክረምት የፈተልኩትን? አንተን ለሦስት ብቀድህ ይቀለኛል።»

ሹመቱ የቀረበትን አየች፣ መጥረጊያ እጁን የላጠውን አየች፣ ትከሻው የሚንቀጠቀጠውን አየች። ጋቢውን አንሥታ ቆመች። የተሳለችው ለአንድ ሰው ነው፤ አገር ሰምቷታል።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ለማን ታለብሱት ነበር?