እህትየዋ አውድማ ላይ የቆጠረችው

አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙን ተዪው፣ ገበሬ መሆኑ ይበቃሻል። ግን ቆይ፣ ከመቀጠሌ በፊት ጥያቄሽን ልድገመው፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። የዝና፣ አንቺ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተማሪ ቁጥር ትይዣለሽ። የዛሬ አምስት ዓመት አንደኛ ደረጃ ከተመዘገበው ልጅ ከመቶው ሴቱ አርባ አንድ ነበር፤ ዘንድሮ አርባ ዘጠኝ ሆነ። ነገ ስብሰባ አለ። አለቆችሽ «ሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል ደርሰዋል፤ ከእንግዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ ሴት ልጅ ማስመዝገቡ ይቅር» ሊሉ ነው። አንቺ ደግሞ «ጋሽ ይመኑ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ለምን ሆዴን ባር ባር ይለዋል?» አልሽኝ። ይኸው ነው አይደል? እንግዲያው ወረቀቱን እጠፊና ስሚኝ። ሠላሳ ዓመት ርዕሰ መምህር ሆኜ ወረቀት ግማሹን ተናግሮ ዝም ሲል ስንቴ አይቻለሁ መሰለሽ።

ገበሬው አንዲት እህት ነበረችው። ባሏ ሞቶባት ከሦስት ልጆች ጋር ቀርታለች። መሬት አላት፣ በሬ የላትም። አባታቸው ሊሞት ሲል ልጁን ጠራና ሽማግሌዎች በተቀመጡበት «የእህትህ እህል ከአንተ እህል እኩል እስኪሆን ድረስ መሬቷን እረስላት» ብሎ አስማለው። ልጁም ማለ። ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ አውድማ ላይ እየመጡ የቃሉን መጠበቅ ሊያዩ ተስማሙ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ይህን ያዢልኝ። ግን በሬ ያለው ሰው አስቀድሞ የራሱን ነው የሚያርሰው። የእሱ ሲያልቅ፣ በሬዎቹም ሲደክማቸው፣ ያኔ ወደ እህቱ ማሳ ይሻገራል። የደረሰበትን ያህል ያርስላታል፤ የቀረው መሬት ጦሙን ያድራል።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ልማድ ነበረ። አውድማ ላይ እህል ሲሰፈር አይቆጠርም። «ስንት ቁና ሆነ?» ያለ ሰው በረከቱን ያባርራል ይባላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የወንድምና የእህት ጤፍ ጎን ለጎን ተቆልሎ ሲያዩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጠቅላላው የእሷ ምን ያህሉ ነው? በዓይናቸው ያስተያዩና ይናገራሉ።

በመጀመሪያው ዓመት «የእሷ ሲሶ ነው» አሉ። በሁለተኛው ዓመት «ሲሶውን አልፎ ወደ እኩሌታ ተጠግቷል፤ ጎሽ፣ በርታ!» አሉት። በሦስተኛው ዓመት ሁለቱ ቁልሎች ትክክል ሆነው ተገኙ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ከመሀላቸው ትልቁ ብድግ አለና «ልጄ፣ ቃልህን ፈጽመሃል፤ መሐላህ ወርዶልሃል። ከዛሬ ጀምሮ የእሷን መሬት ማረስ የለብህም» ብሎ መረቀው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰውየውም እፎይ አለ። ጎርፍ የወንዝ ዳር ማሳውን እየቆረሰበት መከራውን ሲያይ ከርሟል፤ ቢያንስ ከአባቱ ቃል ወጣ።

እህትየዋ ግን አንገቷን ደፍታ ቆማለች። በሬው ከማሳዋ ከወጣ የሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚመጣ ታውቀዋለች። ትልቋን ልጇን ሰው ቤት ማስቀጠር ነው፤ ሌላ መንገድ የላትም። ልጅቷ ገና አሥር ዓመቷ ነው።

እህትየዋ ሄደችና ቁናውን ከሰፋሪው እጅ ነጠቀች። ከራሷ ጤፍ ዝቃ «አንድ!» አለች ጮክ ብላ።

«በስመ አብ! ምን ነካት?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ሁለት!» አለች። ማንም ሊያስቆማት አልደፈረም። ሠላሳ ስትል ጤፉ አለቀ።

«አባቶቼ፣ በረከቱን አባርሬ እንደሆነ ይቅር በሉኝ፤ ግን እኔ ቤት መቼ ገብቶ ያውቃል?» አለቻቸው። «ካቻምና ሠላሳ ነበር። አምናም ሠላሳ። ሦስት ልጅ የምታበላ ሴት በር ዘግታ ትቆጥራለች፤ ምን ታድርግ! ግንቦት ላይ ያልቅብኛል። ሰኔንና ሐምሌን ልጆቼ በጎመን ነው የሚወጡት። ዘንድሮ ምኔ አደገና ነው እልል የምትሉት?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ወንድሟ ቁናውን ተቀበላትና የራሱን ጤፍ እየቆጠረ ሰፈረ። ሠላሳ ሆነ። ቁናውን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እኔም ቤቴ ገብቼ በስውር እቆጥር ነበር፤ ካቻምና የእኔ ስድሳ ነበር» አለ። «ለካ የተገናኘነው እኔ ወርጄ ነው። እሷ ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም።»

እፍረት ያዘው፤ አለቀሰም። ሽማግሌዎቹም ምርቃታቸውን መለሱ፣ «መሐላው አልወረደም» አሉ። በሚቀጥለው ክረምት በሬዎቹ መጀመሪያ የገቡት እህትየዋ ማሳ ነው። ለወንዝ ዳሩ መሬት ደግሞ የመንደሩ ሰው ወጥቶ ጎርፉን የሚመልስ እርከን ሠራ፤ የእሱም ማነስ ለማንም አልጠቀመማ።

እንግዲህ የዝና፣ አውድማው ያንቺ መዝገብ ነው። ከመቶው ስንቱ ሴት ነው ብሎ መጠየቅ ደግ ነው፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ስጠይቀው ኖሬያለሁ። ብቻውን ሲሆን ግን ሁለት ቁልል በዓይን ማስተያየት ነው። ሴቶቹ ወጡ ወይስ ወንዶቹ ወረዱ፣ እሱን አይነግርሽም። በይ አሁን ወረቀቱን ግለጪውና ሴቶቹ ራሳቸው ስንት እንደነበሩ አንብቢልኝ። የዛሬ አምስት ዓመት ስምንት መቶ ሃያ? እሺ። ዘንድሮስ? ሰባት መቶ ሰማንያ አራት!

አየሽ፣ ሆድሽ ያወቀውን። ሠላሳ ስድስት ሴት ልጆች ጎድለዋል። ወንዶቹም ከሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ወደ ስምንት መቶ አሥራ ስድስት ወርደዋል። በአገሩ ልጅ አልጠፋም፤ ወንዱ ወደ ሰሊጥ እርሻና ወደ ወርቅ ቁፋሮ እንደሄደ አንቺም እኔም እናውቃለን። እና ለዚህ ነው ነገ ሊያጨበጭቡ የሚሰበሰቡት? ወይ ጉድ!

ነገ ተነሺና ሁለቱንም ቁጥር ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፣ የሴቶቹንም የወንዶቹንም። ይቆጡሽ ይሆናል፣ «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች» ይሉሽ ይሆናል፤ ይበሉሽ። ምዝገባው ሊጀመር ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ዙረቱ ከቀረ የእነዚያን የሠላሳ ስድስቱን ልጆች በር ማን ያንኳኳል?