የባለጠጉሯ ሚዶ

«በዚህ ዳርቻ ከእኔ በላይ ዓሣ የሚያበስል አልተወለደም! ቢወለድም ገና ጡት አልጣለም!»

እንዲህ ያለችው አንጓች ናት። ቃሏን ያዙልኝ፤ በኋላ ከሌላ አፍ ትሰሙታላችሁ።

የሐይቁ ዳር ሽማግሌዎች፣ ሰው ዓሣ ቀርቦለት እንደ ሽሮ ሲጣደፍበት ካዩ፣ አንዲት አጭር ቃል ጣል ያደርጋሉ። አገር ሁሉ ያውቃታል። ብዙው ሰው «ይቺማ ስለ አጥንቱ ነው» ብሎ ያልፋታል። ስለ አጥንቱስ ነው። ግን አጥንቱ የማን እንደሆነ ማን ጠይቆ ያውቃል? አባባሏ የመጣችው ከዚችው ከአንጓች ጉሮሮ ነው፤ ያውም በሳል።

አንጓች ማለት ሁለት ክፍል ተምራ «መምህሩ የሚያውቀውን ጨረስኩበት» ብላ የቀረች ኮረዳ ናት። ምላሷ የታረቀ ጎረቤት መልሶ ያጣላል። ድምፅዋ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ሌላ ነበር። ስትዘፍን ባለታንኳው መቅዘፊያውን አንሥቶ ያዳምጣታል። የታላቅ እህቷ የዘርፌ ሠርግ ሲቃረብ «አውራጅ ማን ትሁን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዘርፌማ «ጥሎሹ ቢጎድል ግድ የለኝም፤ አንጓች ካላወረደችልኝ ግን ከጓዳ አልወጣም» ብላ ምላለች።

በዚያ መንደር ዓሣ የሚበስልበት ወግ አለው። ዘይት አይነካውም። ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ሆዱ ይሰነጠቃል፣ ይታጠባል፣ በሎሚና በጨው ይታሻል፤ ሆዱ ውስጥ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘለላ ጤና አዳም ይገባለታል። ከዚያ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ረመጥ ውስጥ ይቀበራል፤ አብሳይዋም አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ይኸው ነው። ከባዱ መቀመጡ ነው። ቅጠሉ ጠቆረ ተብሎ አይወጣም፤ ሽታው እስኪለወጥ ይጠበቃል። ያን ጊዜ ሥጋው ራሱ አጥንቱን ይለቃል፤ ከጭንቅላቱ ያዝ አድርገው ሲያነሡት አከርካሪው ከነጥርሱ እንደ ሚዶ ሙሉውን ይወጣል። እሱ ወጥቶ እስኪቀመጥ ማንም አይናገርም። ሚዶው ሳይሰበር ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ለማን? ለባለጠጉሯ ነዋ። ከደንገሉ ሥር የምትኖረው፣ ጠጉሯ ከታንኳ የሚረዝመው። ሚዶዋን ካገኘች ስታበጥር ትውላለች፤ ሰውም በሰላም ዓሣ ያሠግራል። ሚዶዋን ካላገኘች... እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ወሬ ይለውጣሉ።

የሠርጉ ሰሞን እናታቸው ስንዱ ገንቦ ልትዋስ ወጥታለች፤ ዘርፌ ጓዳ ነች። ልጃገረዶቹ የዘፈን ልምምድ ላይ አንጓችን ይጠብቃሉ። ረመጥ ፊት ተቀምጦ መጠበቅ ማለት ለአንጓች ከእስር አይተናነስም። ዓሣዋን ግንድ ላይ ጋደም አድርጋ ከነአከርካሪው በቢላዋ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገችና የኑግ ዘይት በሚጨስበት ብረት ድስት ውስጥ ወረወረችው። ያን ፉከራዋን የፎከረችው ይኼን ጊዜ ነው።

አያ ጀምበሬ መቅዘፊያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። የስንዱ አጎት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በታንኳ ላይ የጨረሱ። ዓሣውን ያመጡትም እሳቸው ነበሩ።

«አንጓች፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዓሣ እየሠራሁ ነዋ፣ አያ።»

«ሚዶውስ?»

«ከተፍኩት።»

አያ ጀምበሬ ወደ ሐይቁ ዞር ብለው አዩ። «ታዲያ ለእሷ ምን ልትሰጫት ነው?»

«እንግዲያ ሹሩባ ትሠራ! ሚዶ ምን ያደርግላታል!»

ይህን ብላ አንድ ቁራጭ ጎረሰች። ጉርሻው ሳይወርድ ፉከራዋን ልትደግመው «በዚህ ዳርቻ ከእኔ በ...» አለችና ቀረች። ድምፅዋ ክር እንደተበጠሰ ሆነ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሿ ይወጣል፣ ድምፅ የለም።

አያ ጀምበሬ ጀርባዋን መቱ። ደረቅ እንጀራ ጠቅልለው አስዋጧት፣ ማር አስላሷት። ስንዱ ስትመለስ አፏን ወደ ብርሃኑ አዙራ ጉሮሮዋን አየች። ምንም የለም።

«ደህና ነሽኮ! ተናገሪ እንጂ! አንቺ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ጀምበሯ ስትዘቀዝቅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ከውጭ መጣ። «በዚህ ዳርቻ ከእኔ በላይ ዓሣ የሚያበስል አልተወለደም! ቢወለድም ገና ጡት አልጣለም!»

ስንዱ ሳቀች። «ይኸው፣ ዳነች!» አለችና ወደ በሩ ዞረች። ያን ጊዜ ነው አንጓች አጠገቧ፣ ምድጃው ጥግ፣ ከንፈሯን ገጥማ እንደተቀመጠች ያስተዋለችው። የተዋሰችው ገንቦ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

ድምፁ ከደንገሉ ውስጥ ነበር።

በማግስቱም መጣ፤ ዘፈን ያወርድ ጀመር። የአንጓች ዜማ፣ የአንጓች ቅላጼ፣ መጨረሻዋ ላይ የምታደርጋት ያቺ የድምፅ መርገብገብ ሳትቀር። ሳያውቁት «አሆ!» ብለው ሊቀበሉ የነበሩትን ሕፃናት እናቶቻቸው አፍ አፋቸውን ያዙ። «አትመልሱላት! ጥርሳችሁን ንከሱ!» ባለታንኳዎች ታንኳቸውን ከውሃው አርቀው ግድግዳ አስደግፈው አቆሙ። አንጓች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የራሷን ድምፅ ሰማች። የሚያስፈራው ደግሞ፣ ከእሷ ይልቅ አሳምሮ ይዘፍን ነበር።

ያም ባልከፋ። የሠርጉ ዋዜማ አመሻሽ ላይ ግን ድምፁ መዝፈኑን ተወና መጥራት ጀመረ።

«ዘርፌ! ዘርፍዬ! ነይ እንጂ፣ ጠጉርሽን ላብጥርልሽ!»

ዘርፌ ጓዳ ነበረች፤ ሹሩባዋ በግማሽ ተሠርቶ በግማሽ ተፈትቶ። ተነሣችና «አንጓች ጠራችኝ» ብላ በጓሮ በኩል ወጣች። አንጓች ከእንጨት ክምሩ ጎን ሆና አየቻት። «ተይ! እኔ አይደለሁም!» ልትል አፏን ከፈተች። ምን ይውጣት? ሮጠች። ስትደርስባት ዘርፌ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ወደ ደንገሉ ፈገግ እያለች ነበር። ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት፤ ሁለቱም ጭቃ ላይ ወደቁ። ዘርፌ የአንጓችን ፊት አየች፣ ደንገሉን አየች፣ እንደገና የአንጓችን ፊት አየች።

«አንቺ እዚህ ከሆንሽ...» አለችና የአንጓችን ክንድ ጨበጠች።

አንጓች እህቷን ለእናቷ አስረክባ በቀጥታ አያ ጀምበሬ እግር ላይ ወደቀች።

«አሁን ገባሽ?» አሉ ሽማግሌው። «የሰበርሽባትን ትመልሻለሽ። ዓሣውን ጧት አመጣልሻለሁ። ብቻ አብሳይዋ አንቺው ነሽ። ‹ከእኔ በላይ የለም› ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

ጧት ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ጎጆዎቹን ውጧቸዋል። ስንዱ ዘርፌን ወገቧን አቅፋ ጓዳ ይዛታለች። አንጓች ዓሣውን ፋቀች፣ አጠበች፣ በሎሚና በጨው አሸች፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ጤና አዳሙን ጨመረች፣ በኮባ ጠቀለለች፣ ቀበረች፣ ተቀመጠች።

ከኮረብታው በኩል የሙሽራው አጃቢዎች ከበሮ ተሰማ። ከደንገሉ ደግሞ «ዘርፍዬ! ሊወስዱሽ መጡ፤ እኔጋ ነይ!» የሚለው ድምፅ። ጓዳው ውስጥ ዘርፌ «ልቀቂኝ፣ እማዬ! አንጓች ናት፤ ታለቅሳለችኮ» እያለች ትታገላለች። የኮባው ጠርዝ ጠቆረ። አንጓች እጇን ሰደደች።

የአያ ጀምበሬ መቅዘፊያ እጇ ላይ ዐረፈ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገና ነው።

ከበሮው ቀረበ። ጓዳው ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። «ያዙልኝ! ኧረ ያዙልኝ!» አለች ስንዱ። የአንጓች እንባ በጉንጮቿ ወርዶ ረመጡ ላይ ቺስ አለ። አሁን ብታወጣው ሥጋው አጥንቱን አይለቅም፤ አጥንቱም ይሰበራል፤ ሁለተኛ ዓሣ እስኪበስል ደግሞ ዘርፌ አትቆይም። እጆቿን ብብቷ ሥር አስገብታ ጥርሷን ነከሰች።

ያኔ ሽታው ተለወጠ። የእርጥብ ቅጠሉ ሽታ ሄደና የሎሚውና የጤና አዳሙ መጣ። አያ ጀምበሬ መቅዘፊያቸውን አነሡላት።

ቅጠሉን ፈታች። ከጭንቅላቱ ያዘችና ትንፋሿን ውጣ አነሣችው። ሚዶው ከነጥርሱ፣ አንዲትም ሳትጎድል፣ ወጣ። በሁለት መዳፏ ተሸክማ በጉሙ ውስጥ ወደ ውሃው ወረደች።

ደንገሉ መሐል አንድ ጥቁር ረጅም ነገር ውሃው ላይ ተዘርግቶ ነበር። የውሃ ሣር ነው ብላችሁ እለፉት። አንጓች ግን ነፋስ ሳይኖር ሲንቀሳቀስ አየችው። ሚዶውን ውሃው ላይ አኖረች። አልሰመጠም፣ አልተንሳፈፈም፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በዝግታ ወደ ጥቁሩ ነገር ሄደና ከላይ ወደ ታች፣ እንደገና ከላይ ወደ ታች ይል ጀመር።

«ዘርፍ...» አለ ድምፁ፤ አልጨረሰውም።

አንጓችን ሳል ያዛት። አጎንብሳ ሳለች፣ ሳለች፣ ከአፏ አንዲት ነጭ ቀጭን አጥንት ወጥታ ውሃው ላይ ወደቀች፤ የሚዶ ጥርስ የምታህል። ጥቁሩም ነገር ወዲያው ተጠቅልሎ ሄደ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። የራሷ ጩኸት ነበር።

ስትሮጥ ስትመለስ ዘርፌ ጓዳው ደፍ ላይ ተቀምጣ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ዓይኗን ታሻለች። ስንዱ እልል አለች። ከበሮው በሩ ላይ ደርሷል፣ ልጃገረዶቹ «አንጓች የታለች? አውራጅ የለንምኮ!» ይላሉ። አንጓች ግን ያን ሰሞን ከአጥሚት በቀር የቀመሰችው የላትም፤ ያ ዓሣ ደግሞ ቅጠሉ ላይ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። በአምስት ጣቷ ዛቀችና ጉንጯ እስኪነፋ ጎረሰች።

«አያ!» አለች፣ ከአፏ ፍርፋሪ እየበረረ። «አዩኝ አይደል? ከባለጠጉሯ ጋር ገጥሜ ድምፄን ነጠቅኋት! ከእንግዲህ በዚህ ዳርቻ ከእኔ በላይ...»

አያ ጀምበሬ በመዳፋቸው አፏን ከደኑት።

«ዋጪ መጀመሪያ፣ አንቺ ቀላዋጭ! ሐይቁ እዚያው ነው፣ አጥንትም ገና ሞልቷል፤ ዓሣን መብላት በብልሃት!»