ማስተዋልን ማን አስመረቃት?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ በማይባል ጊዜ፣ ከኮምቦልቻ ወዲህ ባለች የመንገድ ዳር ከተማ አንዲት ልጅ የሚያሳድጉ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ልጅቷ ማስተዋል ትባላለች፤ የሟች እኅታቸው የዘርፌ ልጅ ናት። ዘርፌ ምጥ ጠንቶባት፣ ሐኪም ይመጣል ሲባል ሲጠበቅ ነው ያረፈችው። ከማረፏ በፊት የሦስቱንም እጅ ይዛ፣ ልጄን ከትምህርት እንዳታስቀሩብኝ አለች። እነሱም ማሉላት። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያመጣው ያ መሐላ ነው።

ሦስቱንም ፈጣሪ በየፊናቸው አድሏቸዋል። ታላቅየው ይመር አፍ ተሰጥቶታል። መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው፤ «ደሴ! ደሴ!» ብሎ ሲጣራ ደሴ ራሷ አቤት ትላለች እየተባለ ይቀለድበታል። መካከለኛዋ ደብሪቱ እግር ተሰጥቷታል። በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ከገበያ ገበያ ስትል ጫማው ያልቃል እንጂ እሷ አታልቅም። ቢሮ ሄዳ ነገ ነይ ካሏት ነገ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያም ካሏት ትመጣለች፤ በመጨረሻ እሷን ከማየት ብለው ጉዳይዋን ይጨርሱላታል። ታናሽየው እሸቴ ደግሞ ጆሮ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የከተማው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ራሱን ሲሰጠው ሆዱንም አብሮ ይሰጠዋል። እሸቴ ሰምቶ አያወራም። የይመር አፍ፣ የደብሪቱ እግርና የእሸቴ ጆሮ አንድ ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ ሚኒስትር ይወጣው ነበር ይላሉ ሰዎች። አንድ ሰው ላይ አልሆነማ!

ማስተዋል አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠራ፤ ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ሄዱ። ሐያት የምትባል መምህርት ተነስታ ነገሩን አስረዳች። ከአሥረኛ በኋላ መንገዱ ይከፈላል አለች። ተፈጥሮ ሳይንስ የገባ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራል፤ ሐኪም ወይ መሐንዲስ መሆን የሚሻ በዚያ ነው የሚሄደው። ማኅበራዊ ሳይንስ የገባ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይማራል፤ ሕግ በሉት፣ ሒሳብ አያያዝ በሉት፣ በዚያ ነው። ሁለቱም አሥራ ሁለተኛ ሲደርሱ አገር አቀፍ ፈተና አለባቸው፤ ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ሌላም አለ፣ ቴክኒክና ሙያ። እዚያ ሙያ እየተማሩ፣ በየደረጃው እየተመዘኑ እስከ ዲፕሎማ ይደረሳል። ይህን ስትል ወላጆቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ አየችና፣ የወደቀ ልጅ መጣያ አይደለም፣ እንዲህ አትዩት አለቻቸው።

ይመር እጁን አወጣ። ነገሩ መናኸሪያ መናኸሪያ ሸቶታል።

«ሦስት መስመር ነው በይኛ። ከሦስቱ ሩቅ የሚሄደው የቱ ነው?»

«ጋሽ ይመር፣ እርስዎስ መናኸሪያ ላይ መጀመሪያ ተሳፋሪውን ወዴት ነህ ብለው አይደል የሚጠይቁት?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ይመርም ሳቀ። ወደ ማስተዋል ዞሮም ወዴት ነሽ አላት። እንግዲህ አስቡት፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ሦስቱ አሳዳጊዎቿ ዓይን ዓይኗን እያዩ! ጨዋ ልጅ በታላላቆቿ ፊት ይህን ነው የምፈልገው ትላለች? አንገቷን ደፍታ «እናንተ እንዳላችሁ» አለች። ሦስቱም ኩራት ኩራት አላቸው፤ እንዴት ያለች የተቀጣች ልጅ አሳደግን ተባባሉ። ሐያት ብቻ አልተዋጠላትም። ቤት ሄዳችሁ ተመካከሩ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ልጅቷንም ለብቻዋ ጠይቋት ብላ አሳሰበቻቸው። እሺ አሉ። እሺ ማለት ምን ይገዳል?

ይመር ማንንም ሳያማክር በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ በአባት ፋንታ ፈርሞ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ አስመዘገባት። ክፍሉ ሞልቷል ቢሉት ያን አፉን ከፈተው። እኅቴ የሞተችው ሐኪም አጥታ ነው፣ ከእኛ ቤት ሐኪም ሳይወጣ ሞት አይወስደኝም ብሎ ሲናገር መዝጋቢዋ መሐረብ አወጣች፤ ወንበርም ተገኘ። መናኸሪያ ተመልሶ ለሹፌሩም ለረዳቱም አወራ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷ በዚያ ባለፈች ቁጥር «ዶክተር! ዶክተር!» ሆነ። እሷም በጓሮ መንገድ መዞር ጀመረች።

ደብሪቱ ደግሞ ልጅቷ ስትመነምን አየች። ኬሚስትሪው አልገባ ብሏት፣ የባዮሎጂው ስም ሁሉ አፏ ላይ አልዞር ብሎ፣ ማታ እያነበበች ጠዋት ባዶ ሆና ትነሳለች። እህል ተወች። አንድ ቅዳሜ ደብሪቱ ልትሠራት ተቀምጣ ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር እፍኝ እፍኝ እየሆነ ሲመጣ ማበጠሪያውን አስቀመጠችው። ለወንድሟ አልነገረችም። አፉን ታውቀዋለች፤ ከጀመረ ያሳምናታል። እግሯን አነሳች እንጂ። ትምህርት ቤቱ የመቀየሪያ ጊዜ አልፏል አለ፤ ወረዳው ትምህርት ቤቱ ይወስን አለ። በርበሬዋን ትታ ተመላለሰች። ሐያት መንገድ ላይ አግኝታት፣ ያመለጣትን የግማሽ ዓመት ትምህርት ማን ይሞላላታል ብትላት፣ «መጀመሪያ ትኑርልኝ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ተሳካላት። ማስተዋል ይህን ያወቀችው ደብተርሽን ይዘሽ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ክፍል ግቢ ስትባል ነው። እውነት ለመናገር እህል በላች፣ ፊቷም ወዛ። ነገር ግን ልጅቷ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ፊዚክሱን፣ ከፊዚክሱም የኤሌክትሪኩን ትወደው ነበር። ይህን ማንም አያውቅም፤ የጠየቃትም የለ። አዲሱ ክፍል ደግሞ ፊዚክስ የሚባል የለም። ያመለጣት ታሪክና ጂኦግራፊም እንዳመለጣት ቀረ። አሥራ ሁለተኛ ደረሰች፣ ተፈተነች፣ ማለፊያውን ሳታመጣ ቀረች።

ያኔ ቤቱ ተናወጠ። ይመር ዶክተሬን አስቀረሽብኝ አለ። ደብሪቱ ልጄን ልትገድላት ነበር አለች። ተኳረፉ። በዓል ሲመጣ እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ማስተዋልም የእናቴን ወንድምና እኅት ያጣላሁ እኔ ነኝ ብላ ጥግ ይዛ ቀረች።

እሸቴ ይህን ሁሉ ሲሰማ ዝም ነው። አንድ ቀን ግን ቶንዶዙ እጁ ላይ ቆመበት፤ ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ እንደ ታጨደ ማሳ ተቀምጧል። ማስተዋል ምሳ ልታደርስ መጥታ ኖሮ ቶንዶዙን ተቀብላ ፈታታችው፤ የተቃጠለውን ሽቦ ቆርጣ፣ አያይዛ፣ አስነሳችው። ደንበኛው ሳቀ። እሸቴ ግን የሚያየው ፊቷን ነበር። ከፈተናው ወዲህ እንዲያ ያለ ፊት አላየባትም።

በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ሰማ። ማለፊያውን ያላመጡ ልጆችም ነጥባቸው ከበቃ ሬሜዲያል በሚባለው ይገባሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የማካካሻ ትምህርት ተምረው፣ እንደገና ተፈትነው፣ ያለፈ ይቀጥላል። ሰውየው ይህን ነገረውና፣ ስንቱ ግን እያለቀሰ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል ብሎ ጨመረ። ማስተዋልም ይህን ወሬ ከጓደኞቿ ሰምታ መጣች። ስልክ የላትም፤ መለያ ቁጥሯን ሰጥታ፣ እስቲ በስልክህ እይልኝ አለችው። እሸቴ አየ። ነጥቧ ይበቃል። ቀና ብሎ አያት። እህል የተወችበት፣ ፀጉሯ የረገፈበት ዘመን ዓይኑ ላይ መጣ።

«አልበቃም» አላት።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ኮምቦልቻ ወሰዳት፤ አንድ የሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስመዘገባት።

ልጅቷ እዚያ አበበች። ከደረጃ ደረጃ፣ ከምዘና ምዘና ስታልፍ አንዴም አልወደቀችም። ለዕረፍት ስትመጣ የከተማው ወፍጮ ከቆመ የሚጠሩት እሷን ሆነ። ይመርና ደብሪቱም ልጅቷ ስትስቅ እያዩ ቀስ በቀስ ታረቁ። ደብሪቱ አንድ ቀን ልትጠይቃት ኮሌጁ ሄዳ፣ ልጅቷ በጨዋታ መካከል ኤሌክትሪክን የወደድኩት አሥራ አንደኛ ላይ ፊዚክስ ስንማር ነው ብላት ነበር። ያቺ እግሯ የማይደክም ደብሪቱ፣ ስትመለስ ከመኪና እንደወረደች መናኸሪያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች አሉ።

ቀኑ ደርሶ ማስተዋል በዲፕሎማ ተመረቀች፤ ከትምህርት ክፍሏም አንደኛ ወጣች። ሦስቱም አበባ ይዘው ሄዱ። የተመራቂ ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ልጁ ጋዋኑን ያወልቅና ላሳደገው ያለብሳል፣ ቆቡንም ይደፋለታል፣ ፎቶ ይነሳሉ። እዚህም እዚያም እናት ጋዋን ለብሳ እልል ይባላል። ማስተዋል ጋዋኗን አወለቀች። ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛ ወደ ሦስቱ መጣችና ቆመች። ካሜራ የያዘው ሰው ማንን ላንሳ አለ።

ይመር ወደ ኋላ ሸሸ።

«ለደብሪቱ አልብሻት» አለ። «እሷ ባታወጣሽ ኖሮ ዛሬ ፎቶሽን ይዘን ሙሾ ነበር የምናወርድ። በእኔ አፍ ነው እዚያ የገባሽው።»

ደብሪቱ እጇን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘች። «እኔማ አልለብስም» አለች። «ይህን ሙያ ያስለመደሽ እሱ ያስገባሽ ፊዚክስ ነው። ከምትወጂው ነገር ጎትቼ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ለፈተናው ግማሽ ዕውቀት ይዘሽ የቀረብሽውም በእኔ እግር ነው። ፊትሽን ባየሁት ቁጥር ይኸው ነው የሚታየኝ።»

ሁለቱም ተያዩና፣ እንግዲያው ለእሸቴ ይሁን ተባባሉ። ቶንዶዙን አይቶ ሙያዋን ያወቀላት እሱ፣ እዚህ ያደረሳት እሱ። ማስተዋልም ፈገግ ብላ ጋዋኑን ዘረጋችለት። እሸቴ ግን እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ዩኒቨርሲቲ ደርሶሽ ነበር» አላት። «ነጥብሽ በቅቶ ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

ጋዋኑ እንደተዘረጋ ቀረ። ደብሪቱ ጠጋ ብላ የልጅቷን ክንድ ያዘች።

«ለምን?» አለች ማስተዋል።

«ብነግርሽ ኖሮ እሄዳለሁ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ከጀርባዋ ሌላ ቤተሰብ እልል ይላል። ከዚያ ቀና አለችና ሦስቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እኔም አፍ ነበረኝ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ይህን ነው የምፈልገው አላልኳችሁም። እኔ ዝም ብዬ፣ እናንተ እንድታውቁልኝ ነበር የምጠብቀው።»

አራቱም ጥፋቱን ወደየራሳቸው እየጎተቱ፣ ጋዋኑን ወደ ሌላው እየገፉ ቆሙ። ካሜራ የያዘው ሰው ፀሐይዋ እየሸሸች ነው፣ ሌሎችም እየጠበቁኝ ነው ብሎ ወተወተ።

ይህን ያወጋሁላቸው ሰዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። አንዳንዱ የይመር ነው ይላል፤ የዋህ ነበር፣ ባደረገውም አልተደበቀም፣ የፊዚክሱን በር የከፈተውም እሱ ነው፤ ግን ስንቱን ልጅ ዶክተር ዶክተር እያልን አሳደድነው? ሌላው የደብሪቱ ነው ይላል፤ ነፍስ አትርፋለች፣ ከነፍስ የሚበልጥ ትምህርት የለም፤ ግን በወንድሟ ላይ ተደብቃ፣ ልጅቷንም ሳትጠይቅ ነው። የእሸቴ ነው የሚሉም አሉ፤ የልጅቷን ፊት ያነበበ እሱ ብቻ ነው፤ ግን ምርጫዋን ደብቆ የሰጣት ደስታ የማን ደስታ ነው? አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ ተነስታ፣ ምን አደከማችሁ፣ ራሷ መልሳ ትልበሰው አለች፤ ሌላዋም ወዲያው፣ ሦስት ሰው ያሳደጋት ልጅ ብቻዋን ፎቶ ተነስታ እንዴት ቤት ትገባለች ብላ ተቆጣቻት።

ማስተዋል ጋዋኑን እንደያዘች ናት። ሦስት ሰዎች ከፊቷ ቆመዋል፤ ሦስቱም ወደዋታል፣ ሦስቱም በድለዋታል፣ እሷም ይህን አሁን አውቃለች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ያን ጋዋን መልበስ የሚገባው ለማን ነው?